ስለ ግራ እጅ ትምህርት

የቅርጫት ኳስን ጨዋታ በ1891 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ አገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ የፈጠረው መምህር ጄምስ ኔይስሚዝ፥ ተጫዋች ኳሱን ይዞ እንዳይሮጥ ከልክሎ ነበር። ኳሱን የያዘ ሰው ከያዘበት ስፍራ ይወረውራል እንጂ አይራመድም። ኋላ ግን ኳሱን መሬት ላይ እያነጠሩ መሮጥ ሲፈቀድ የእጅ ነገር ተለወጠ። ቀኝ እጁን ብቻ ያሠለጠነ ሰው በቀኝ በኩል ብቻ ይሄዳል፤ ይህንንም ያወቀ ተከላካይ በዚያው ወገን ቆሞ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለው ተጫዋች ሜዳው ሙሉ ሆኖ ሳለ በግማሹ ታስሮ ይኖራል።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ይህን ሳስብ ዘወትር ትዝ የሚለኝ የቦብ ኩዚ ታሪክ ነው። ኩዚ በ1928 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከፈረንሳይ ከመጡ ድኻ ወላጆች ተወለደ፤ አባቱ ታክሲ ነጂ ነበረ። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የታናናሾች ቡድን ቢቀርብ ሁለት ጊዜ አይሆንም ተብሎ ተመለሰ። ይህ አልበቃ ብሎ ከዛፍ ላይ ወድቆ ቀኝ እጁ ተሰበረ። ሌላ ልጅ ቢሆን እስኪድን ድረስ ቤቱ በተቀመጠ ነበር፤ እርሱ ግን በግራው ማንጠርና መወርወር ያዘ። ቀኙ በዳነም ጊዜ ግራውን አልተወውም። ከዚህ በኋላ ያው የቡድኑ አሠልጣኝ በሌላ ስፍራ ሲጫወት ቢያየው፥ በሁለቱም እጆቹ መጫወቱ ስላስደነቀው ጠርቶ ወሰደው።

ኩዚ ራሱ ያን ስብራት እንደ መልካም አጋጣሚ ቈጥሮታል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። እጁ የተሰበረ ልጅ ብዙ ነው፤ ስብራቱ ቀኙን ከለከለው እንጂ ግራውን አላስተማረውም። ያልለመደ እጅ ሲያነጥር ኳሱ እግር ላይ ያርፋል፥ ወዳልታሰበበት ይሸሻል፥ ባልንጀራም ይሥቃል፤ ትምህርቱ ያን ታግሦ መደጋገም ነው።

ፍሬው በ1949 ዓ.ም. ታየ። ሆሊ ክሮስ የተባለው ኮሌጁ ከቺካጎው ሎዮላ ጋር ሲጋጠም፥ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰኰንድ ሲቀረው ተከላካዩ ቀኙን አጥብቆ ዘጋበት። ኩዚ ኳሱን በጀርባው በኩል ወደ ግራ እጁ አሻገረና በዚያው በግራው ወርውሮ አገባ፤ ቡድኑም አሸነፈ። ሰው ሁሉ ያደነቀው በጀርባ ማሻገሩን ነበር። ነገር ግን ኳሱን የተቀበለው እጅ ያልተማረ ቢሆን ኖሮ ማሻገሩ ምን ይጠቅመው ነበር?

ከ1950 እስከ 1963 ዓ.ም. ለቦስተን ሴልቲክስ ተጫውቶ 6 ጊዜ የሻምፒዮንነት ክብር አገኘ፤ ለባልንጀሮቹ ነጥብ የሚሆን ኳስ በማቀበልም 8 ዓመት በተከታታይ የሊጉ አንደኛ ሆነ። ረጃጅሞች በሚበዙበት በዚያ ጨዋታ ቁመቱ 1 ሜትር ከ85 ነበረ።