የባቲ ቅኝትና የሸክላው ዜና

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ባቲን ሳያይ አያልፍም። ሰኞ ሰኞ ገበያው ይቆማል፤ አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፤ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ጭኖ ከደጋ ይወርዳል። ይህች የገበያ ከተማ ስሟን ለአንድ ቅኝት ሰጥታለች፤ ባቲ ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ነውና። አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን የተቀመጠ ክራር መቺ ክራሩን ሲቃኝ የወሎን ምድር ስም ይጠራል። የአገራችን ዜማ ከአፍ ወደ ሰም፣ ከሰም ወደ ሸክላ፣ ከሸክላም ወደ ካሴት እንዴት እንደ ተሻገረ፣ ማንስ እንደ ጠበቀው፣ ይህ ዜና ይናገራል።

በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1898፣ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ የሰላምታ ቃላቸውን በፎኖግራፍ ሰም አስቀርጸው ለንጉሠ ነገሥቱ ላኩ። ቃሉ ከተሰማ በኋላም ሰሙ እንዲጠፋ አዘዙ። በማግስቱ ዓመት አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በዚያው ጥበብ መልስ ሰጡ። የንግሥቲቱ ሰም በትእዛዝ ጠፋ፤ የጃንሆይና የእቴጌ ድምፅ ግን ባሕር ተሻግሮ በእንግሊዝ አገር ተጠበቀ፤ ዛሬም ይሰማል።

ከዚህም በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም. ግድም፣ ተሰማ እሸቴ ስለ አውቶሞቢል ሥራ ሊማር ወደ ጀርመን ተላከ። ኋላ ነጋድራስ የተባለው ይህ ሰው ግጥም አዋቂና ድምፀ መልካም ነበርና በዚያው አገር ዘፈኑን በሸክላ አስቀረጸ። ስለ መኪና ሊማር የሄደው ሰው የኢትዮጵያ የሸክላ ዘፈን አባት ሆኖ ተመለሰ።

የአሜሪካም ሰዎች በዚህ ነገር ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1890 ጄሲ ዎልተር ፊውክስ የተባለ ሊቅ የኤዲሰንን ፎኖግራፍ ይዞ ወደ ሜይን ግዛት ሄደ፤ ነባሮቹ የፓሳማኳዲ ሰዎች ሲዘፍኑና ሲተርቱ በሰም ቀረጸ። ሰም ግን በተጫወተ ቁጥር እየተፋቀ ይሄዳልና፣ ደግሞ ደጋግሞ መስማት ራሱ ማጥፋት ነበር። እነዚያ ሰሞች በመጨረሻ የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ገቡ፤ በእኛ ዘመን ድምፁ ተጣርቶ ለፓሳማኳዲ የልጅ ልጆች ተመልሷል።

ሃሮልድ ኩርላንደር የተባለው አሜሪካዊ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943፣ በእኛ ምድርና በኤርትራ ዘፈን እየቀረጸ ዞረ። ሥራውንም የሞዝስ አሽ ድርጅት ፎክዌይስ በ1951 በሸክላ አወጣው። አሽ ከሞተ በኋላ፣ በ1987፣ የስሚዝሶኒያን ተቋም ድርጅቱን ሲረከብ አንድም ሸክላ ከፈላጊ እጅ እንዳይጠፋ ግዴታ ገባ። የኩርላንደርም ሸክላ በዚህ ግዴታ ሥር ተጠበቀ።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ሥልጣን በ1927 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለሀገር ፍቅር ማኅበር በንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ የተሰጠ ነበር። የከተማው ወጣት በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራ አዲስ ሙዚቃ እየሰከረ ሳለ የሚገዛው የራሱ ዘመን ሸክላ አልነበረውም። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ሙዚቃ ቤት ከፍቶ የውጭ ሸክላ ይሸጥ ነበር፤ የውጭውን እየሸጡ የራስን ማጣት አላስቻለውም። እ.ኤ.አ. በ1969፣ አዋጁን እያወቀ፣ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀረጸና ሸክላው እንዲታተም ወደ ህንድ ላከ። መታሰር ሊመጣ ይችል ነበር፤ አልመጣም። ሸክላው በወጣ ጊዜ ሕዝቡ ተሻማበት። እስከ 1975 ድረስም አምሃ 103 ትንንሽና 12 ትልልቅ ሸክላዎችን አሳተመ። አለማየሁን፣ ማሕሙድ አሕመድን፣ ሙላቱ አስታጥቄንና ሌሎችንም ለትውልድ ያቆየ የአንድ ሰው ድፍረት ነው፤ ይህን ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

በኅዳር 1966 ዓ.ም. ታላቁ የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ገባ፤ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ኒሻን ተቀበለ። ሦስት ወር ሳይሞላ አብዮቱ ፈነዳ። ደርግ መጣ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊቱ ዘፈን ቤት ጨለመ። አምሃ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ብዙ ሳይቆይ ሸክላ መታተሙ ቀረና ካሴት ነገሠ። ካሴት ርካሽ በመሆኑ ሙዚቃን እስከ ገጠር አደረሰ፤ የወሎዋ ልጅ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልና ባቲን ይዛ ከቤት ወደ ቤት የገባችው በካሴት ነው። ነገር ግን ካሴት ከካሴት በተገለበጠ ቁጥር ድምፁ ይደበዝዛል፤ ሙቀትና አቧራም ክሩን ይበሉታል። ስንት የሠርግ ዘፈን፣ ስንት መንዙማ በዚህ መንገድ እንዳለቀ የሚቆጥር የለም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የማሕሙድ አሕመድን "እሬ መላ መላ" ሰምቶ ተማረከ፤ አዲስ አበባም መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ "ኢትዮፒክስ" የተባለውን ተከታታይ ሥራ አወጣ፤ ከሠላሳም አለፈ። አሥራ ስድስተኛው ለአስናቀች ወርቁ ክራር ተሰጠ። ለዚህ ድካሙ ፋልሴቶ ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ልብ ያለው አንባቢ አንድ ነገር ያያል፦ በሸክላ የተጠበቀው ብዙው የከተማ ዘፋኝና የከተማ ስቱዲዮ ድምፅ ነው፤ ቅኝቱን ያወጣው የወሎ ገበሬና እረኛ ግን ስሙ በየትኛውም ሽፋን ላይ አልተጻፈም።

የሃርቫርድ መምህርት ኬይ ካውፍማን ሸለመይ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን እየጠየቀች ታሪካቸውን በድምፅ መዘገበች፤ ክምችቱንም ለአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ሰጠች። ስለዚህ የፓሳማኳዲ ሰሞች ባሉበት ቤት የኢትዮጵያ ስደተኛ ሙዚቀኛ ቃልም ተቀምጧል። ይህም የሚያስደስት ነው፤ አምሃም በ2013 ዓ.ም. ከማረፉ በፊት ሥራው በዓለም ሲከበር አይቷል።

ለባቲ የሚቀረው ሥራ ግን የሌላ ሰው አይደለም። በሰኞ ገበያ የሚመጣው የአፋር ሽማግሌ፣ በሠርግ የምታዜም የኦሮሞ እናት፣ በመውሊድ መንዙማ የሚያወርደው ሼህ ዛሬ በሞባይል ሊቀረጹ ይችላሉ፤ ብዙ ወጣትም ይቀርጻል። ቀረጻው ግን ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ቢተርፍም ማን እንደ ዘፈነ፣ የት ቀበሌ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቅኝት እንደ ሆነ አብሮት አይጻፍም። ፊውክስ በ1890 ከሰሙ ጋር ማስታወሻ ባይዝ ኖሮ የልጅ ልጆቹ የአያታቸውን ድምፅ ከሌላው ለይተው ባላወቁት ነበር። ስለዚህ ከቀረጻው ጋር የዘፋኙ ስምና ፈቃድ ይመዝገብ፤ አንዱ ቅጂ በባቲ ትምህርት ቤት፣ አንዱ በዞኑ ዋና ከተማ በከሚሴ፣ አንዱም በአዲስ አበባ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በወመዘክር ይቀመጥ። ሽማግሌዎቹ ገና በሕይወት አሉና ሥራው በዚሁ ዓመት ሊጀመር ይችላል።