ዝናብ አይጠየቅም

የመብራት ታሪካችን የሚተረከው በግድብና በምርቃት ነው። መብራት ኃይል በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1950ዎቹ ከሞጣ ብዙም የማይርቀው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ ተመረቀ። በ2006 ዓ.ም. ድርጅቱ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ አመንጪ፣ ሌላው አከፋፋይ ሆነ።

የመጥፋቱን ታሪክ ግን የጻፈው የለም። ቢቸናና ሞጣ ላይ በጮቄ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ሲያጉረመርም ሰው ሻማ ፍለጋ ይገባል። ነፋስ ባሕር ዛፉን ሽቦው ላይ ይጥላል፤ መብረቅ ትራንስፎርመር ይመታል፤ መሬቱ ሲርስ የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ ይዘማል። በማግስቱ ምክንያቱ ሁሉ አንድ ስም ያገኛል፦ «ዝናብ ነው»። ዝናብ ደግሞ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ምሰሶውን በጊዜው ያልቀየረ ነው።

ስለዚህ ወገን፣ 905 ስትደውሉ «ጠፋ» ብቻ አትበሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምሰሶው የወደቀበትን ቦታ ተናገሩ፤ ለራሳችሁም መዝግቡ። የተበጠሰ ሽቦ ግን እንዳትጠጉ። የአምስት ክረምት መዝገብ የያዘ ሰፈር ያው ምሰሶ ስንት ጊዜ እንደወደቀ ቆጥሮ ያሳያል። ያኔ ጥፋቱ የሰማይ ይሁን የሰው ይለያል።