ተቀናቃኝ የሌለበት ድል፦ እንግሊዝኛ ቀላል አሸናፊነትን የሚጠራባቸው ቃላት

እንግሊዝኛ ያለ ድካም ወይም በሰፊ ልዩነት የተገኘን ድል የሚጠራባቸው ቃላት እጅግ ብዙ ናቸው። መዝገበ ቃላት አንድ ላይ ደርድሮ እንደ ተመሳሳይ ያቀርባቸዋል። ምንጫቸው ሲመረመር ግን አንዱ የፈረስ ውድድር ደንብ፣ አንዱ በባርነት የተያዙ ሰዎች ጭፈራ፣ ሌላው የተራራ መደርመስ ሆኖ ይገኛል። ቃላቱ በተወለዱበት ቦታ ድሉ እንዴት እንደ ተገኘ በግልጽ ይናገሩ ነበር። ወደ ፖለቲካና ወደ ጦርነት ሲሻገሩ ያጡት ይህንኑ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለዚህ የቃላት ክምችት ትልቁን ድርሻ ያዋጣው የእንግሊዝ የፈረስ ውድድር ነው። ጋላቢው ማሸነፉን ሲያውቅ ልጓሙን አላልቶ እጁን ዝቅ ያደርጋል፤ ‹ሃንድስ ዳውን› ማለት ከዚህ መጣ። ‹በካንተር አሸነፈ› ሲባልም ፈረሱ ሽምጥ መጋለብ ሳያስፈልገው በሶምሶማ ቀደመ ማለት ነው። ‹ካንተር› ራሱ ከካንተርቤሪ ከተማ ስም ያጠረ ነው፤ የቅዱስ ቶማስ ቤኬትን መቃብር ሊሳለሙ የሚሄዱ ምእመናን ፈረሶቻቸውን ከሚነዱበት የዝግታ ግልቢያ የተወሰደ።

ከሁሉም የሚያስገርመው ‹ዎክኦቨር› ነው። ለውድድሩ አንድ ፈረስ ብቻ ሲቀርብ ሽልማቱ ዝም ብሎ አይሰጥም ነበር፤ ፈረሱ መሙን በእርምጃ መዞር ነበረበት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ‹ኢክሊፕስ› የተባለው ዝነኛ ፈረስ 18 ጊዜ ተወዳድሮ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም ይባላል። ይሁንና ከእነዚህ ድሎች በርካታዎቹ የሚገጥመው ጠፍቶ ብቻውን እየተራመደ የወሰዳቸው ናቸው።

በሰው ሩጫ የሚታወቀው ምሳሌ የ1908ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ነው። በ400 ሜትር ፍጻሜ አሜሪካዊው ጆን ካርፔንተር ብሪታንያዊውን ዊንድሃም ሃልስዌልን መንገድ ዘግቶበታል ተብሎ ከውድድሩ ተሰረዘ፤ ሩጫውም እንዲደገም ተወሰነ። ሌሎቹ ሁለት የፍጻሜ ተወዳዳሪዎች፣ እነሱም አሜሪካውያን፣ አንሮጥም አሉ። ሃልስዌል ብቻውን ሮጦ የወርቅ ሜዳሊያውን ወሰደ። በኦሊምፒክ አትሌቲክስ ታሪክ በዚህ መንገድ የተገኘ ሌላ ወርቅ የለም። እዚህ ላይ ቃሉ ሐቀኛ ነው፤ ተቀናቃኝ አለመኖሩን አይደብቅም። በእኛ የስፖርት ቋንቋ ‹ፎርፌ› ይህን ፍቺ አጥብቆ ይዟል፤ 6 ለ 0 የረታ ቡድን በፎርፌ አሸነፈ አይባልም። እንግሊዝኛ ግን በጊዜ ብዛት ‹ዎክኦቨር›ን ለሁለቱም ይጠቀምበት ጀመር፤ ያልመጣውም ተጋጣሚ፣ መጥቶ የተደቆሰውም በአንድ ስም ተጠቃለሉ።

‹ኬክዎክ› የከፋ ዕጣ ገጠመው። በአሜሪካ ደቡብ በባርነት የተያዙ ጥቁሮች የጌቶቻቸውን ኩሩ የዳንስ አረማመድ በስላቅ እየቀዱ ይጨፍሩ ነበር፤ ለበለጠው ጥንድ ሽልማቱ ኬክ ነው። ጭፈራው ጥበብና ልምምድ የሚጠይቅ፣ ከበስተጀርባው ምጸት ያለበት ፉክክር ነበር። ‹ቀላል› የሚለው ፍቺ፣ በእኔ አስተያየት፣ የተመልካቹ እንጂ የጨፋሪው ሊሆን አይችልም። በየካቲት 2002 የቀድሞው የአሜሪካ ባለሥልጣን ኬኔት አደልማን በዋሽንግተን ፖስት ላይ የኢራቅ ዘመቻ ‹ኬክዎክ› እንደሚሆን ጻፈ። ባግዳድ በሚያዝያ 2003 በሳምንታት ውስጥ ተያዘች። የአሜሪካ ጦር ግን እስከ ታኅሣሥ 2011 ከኢራቅ አልወጣም፤ ወደ 4,500 የሚጠጉ ወታደሮቹም አለቁ፤ የሞቱት ኢራቃውያን ቁጥር ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ስለ ሌሎቹ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ‹ራውት› ከላቲን ‹የተሰበረ› ከሚል ቃል የመጣ ሲሆን ተበታትኖ የሚሸሽ ሠራዊትን ያሳያል፤ የእኛው ‹ድባቅ መምታት› ይቀርበዋል። ‹ድራቢንግ› መምታት ከሚል የዓረብኛ ግስ ሳይመጣ አልቀረም። ‹ኋይትዎሽ› ደግሞ ኖራ መቀባት ነው፤ በክሪኬት ተከታታይ ግጥሚያዎችን በሙሉ ማሸነፍን ያመለክታል። በ1984 የክላይቭ ሎይድ ዌስት ኢንዲስ እንግሊዝን በገዛ ሜዳዋ 5 ለ 0 ሲያሸንፍ ደጋፊዎቹ ቃሉን ገልብጠው ‹ብላክዎሽ› አሉት፤ ቀልድ ነው፣ ግን የቅኝ ግዛት ታሪክ ያለበት ቀልድ።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ‹ላንድስላይድ› ነው፤ ትርጉሙ የመሬት ናዳ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ወደ ምርጫ ቋንቋ ገባ። ናዳ የሚገፋው ሰው አይታይም፤ ቃሉም ድሉን ከተፈጥሮ የመጣ ያስመስለዋል። በ1936ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ531 የወኪል መራጮች ድምፅ 523ቱን ወሰደ፤ ተቀናቃኙ አልፍ ላንደን ያሸነፈው የሜይንንና የቨርሞንትን ግዛቶች ብቻ ነው። ሆኖም ላንደን ከሕዝቡ ድምፅ ከሦስተኛው እጅ በላይ አግኝቶ ነበር። ያንን ድምፅ ወደ ስምንት ያወረደው የአቆጣጠሩ ሥርዓት ነው። ያም ሆኖ ሩዝቬልት 60 በመቶ አልፏልና ቃሉ ይገባዋል።

የብሪታንያ ሌበር ፓርቲ ግን በ1997 በ43 በመቶ ድምፅ 418 መቀመጫ፣ በ2024 ደግሞ በ34 በመቶ ገደማ ድምፅ 411 መቀመጫ አገኘ። ጋዜጦቹ ሁለቱንም ‹ላንድስላይድ› አሏቸው። በ2024ቱ ከሦስት መራጮች ሁለቱ ለሌላ ፓርቲ ነው ድምፅ የሰጡት። ናዳው የወረደው ፓርላማው ላይ እንጂ ሕዝቡ ውስጥ አልነበረም፤ በየምርጫ ክልሉ አንደኛ የወጣ ሁሉን የሚወስድበት ሥርዓትና የተቀናቃኞቹ መከፋፈል የሠሩት ነው።

ስሕተቱ ወደ አማርኛ ሲሻገር ይብሳል። ‹ላንድስላይድ› በዜናዎቻችን ብዙ ጊዜ ‹በከፍተኛ ድምፅ አሸነፈ› ተብሎ ይተረጎማል። በ1936ቱ ምርጫ ይህ ትክክል ነው፤ በ2024ቱ ግን ሐሰት ነው። ስለዚህ የውጭ ምርጫ ዜና የሚተረጉም ጋዜጠኛ ቃሉን ከመፈለጉ በፊት ሁለት ቁጥሮችን ይፈልግ፦ ፓርቲው ያገኘውን የመራጭ ድምፅ በመቶኛና የያዘውን መቀመጫ ብዛት። ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፍልን።