በቁመት ልክ የተቆረጠ

የጥንቱ የክታብ ጸሐፊ ብዕሩን ከቀለም ቀንዱ ከማጥለቁ በፊት አንድ ልክ ማወቅ ነበረበት፤ የባለክታቡን ቁመት። ልማዱ እንደሚያዘው ብራናው ሲዘረጋ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ሊደርስ ይገባዋል። ጸሎቱ ያልሸፈነው የሰውነት ክፍል ለክፉ መንፈስ ክፍት በር ነውና። ስለዚህም ለአጭር ሰው አጭር፣ ለረጅም ሰው ረጅም ክታብ ይቆረጥ ነበር። ዛሬ ሰፊ የወረቀት ጥቅል እንደ ግንድ ተጋድሞ በኤሌክትሪክ መጋዝ ሲገመስ ላየ ሰው የዚያ ጸሐፊ ሥራ እጅግ የራቀ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ሁለቱም ቆራጮች አንድ ጥያቄ የሚመልሱ ይመስለኛል፤ ጥቅሉ የሚቆረጠው በማን ልክ ነው?

ከብራናው ልጀምር። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ለቀናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ ይወጠራል፤ ሥጋውና ስቡ ይፋቃል፤ ጠጉሩ ይላጫል፤ በሻካራ ድንጋይ ታሽቶ ይደርቃል። ካራው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ነገር ግን የአንድ ፍየል ቆዳ የሰው ቁመት አያህልም። ስለዚህ ቆዳው እንደ መቀነት በቁመቱ ይሰነጠቅና ቁራጮቹ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሆነው፣ ጫፍ ለጫፍ ገጥመው በቀጭን የቆዳ ክር ይሰፋሉ። ስፋቱ ከመዳፍ እስከ ስንዝር ቢሆን ነው። ጽሕፈቱ ሲያልቅ ከግርጌው ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ወይም በቀርከሃ ቀፎ ይገባል፤ በአንገት ይንጠለጠላል ወይም ከአልጋ ራስጌ ይሰቀላል። በእርግጥ ከእጃችን የደረሱት ክታቦች ሁሉ የሰው ቁመት አያህሉም። ግማሽ ሜትር እንኳ የማይሞሉ አሉ፤ ከሁለት ሜትር የሚያልፉም አሉ። ልማድ አንድ ነገር፣ የብራና ዋጋ ሌላ ነገር ነው።

በላዩ የሚጻፈውም የታወቀ ነው። መርበብተ ሰሎሞን አለ፤ ንጉሡ አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ የያዘበት ጸሎት። ሕፃናትን የምትገድለው ውርዝልያ በቅዱስ ሱስንዮስ ጦር የምትወጋበት ድርሳን አለ፤ ስለዚህም ከክታቦቹ ብዙዎቹ የሴቶች ናቸው። በጽሑፉ መካከል ሰይፍ የመዘዙ መላእክትና አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች ይሣላሉ። ጸሎቱ ከሚማጸንበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ የክርስትና ስም ይገባል፤ ወለተ እንትና፣ ገብረ እንትና፣ ኃይለ እንትና። ስሙ ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም ነው። ክታቡ በውርስም ሆነ በሽያጭ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ይፋቅና አዲሱ በቦታው ይጻፋል። ስሙ ሊፋቅ ይችላል፤ ርዝመቱ ግን የመጀመሪያው ሰው ሆኖ ይቀራል። ለሙታንም ጥቅል አለ፤ ለፋፈ ጽድቅ፣ ስሙም ከመጠቅለል የመጣ፣ ከአስከሬኑ ጋር የሚቀበር።

ይህን ልማድ ከሰሜን ሸዋ አገር ጋር ሳስበው አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አገኛለሁ። ደብረ ብርሃንን የመሠረተው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) የክታብ ጠላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1456 በሰማይ በታየ ብርሃን ምክንያት ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት በዚያ ቦታ አሠርቶ የዘመኑን መጨረሻ በአብዛኛው እዚያው ኖረ። መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ በሱ ስም የሚጠሩ ናቸው፤ የተአምረ ማርያም ንባብ በየአብያተ ክርስቲያናቱ የጸናውም በእሱ ትእዛዝ ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ጠንቋዩን፣ አስማተኛውንና ባለክታቡን አጥብቆ ያወግዛል። ይሁን እንጂ ዜና መዋዕሉ የሚነግረንን እንመልከት፤ ሕዝቡ በግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹ ላይ ደግሞ ሰይጣንንና ደስክ የተባለውን ጣዖት መካዱን እንዲጽፍ ታዘዘ። ክታብን በካራ ያሳደደው ንጉሥ የሰውን ገላ ራሱን ክታብ አደረገው እላለሁ። ሁለቱም፣ ደብተራውም ንጉሡም፣ ጽሑፍ ሰውነት ላይ ካልተለካ አይጠብቅም ብለው ያመኑ ናቸው።

ለመጽሐፉ ልክ የሚሰጠው ደግሞ እንስሳው ነበር። ትልቅ ወንጌል ወይም ገድል የሚያሠራ ባለጸጋ ከመቶ በላይ ፍየል ማሰብ ነበረበት፤ ከአንድ ቆዳ ሁለት ትልልቅ ቅጠል ቢወጣ ነው። ከጠርዝ የሚተርፈው ቁራጭ ለትንሿ ዳዊት ይሆናል። ቆዳው ቀዳዳ ካለው ቁም ጸሐፊው ቀዳዳውን ዞሮ ይጽፋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ለዝንብ ንክሻ መንገድ ይለቃል። ስለዚህ ሥራ ማወቅ የሚፈልግ አንባቢ የፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴን እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ የመጽሐፍ አሠራር ጥናት ቢያገኝ አይቆጭም።

ወረቀትና ኅትመት ወደዚህ ዓለም የገቡበትን በር ከፈለግን አንኮበር አንደኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ኢሰንበርግና ክራፕፍ የተባሉ ሁለት ሚሲዮናውያን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት ሲመጡ የታተሙ የአማርኛ ቅዱሳት መጻሕፍት ይዘው ነበር። ትርጉሙ የአባ አብርሃም፣ ፈረንጆች አቡ ሩሚ የሚሉት፣ ነው፤ በካይሮ ዓመታት የፈጀበትን ሥራ የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዝቶ ወንጌላቱን እ.ኤ.አ. በ1824፣ ሐዲስ ኪዳኑን በ1829 አሳተመ። ክራፕፍ እስከ 1842 በሸዋ ሲቆይ እሱም በተራው የብራና መጻሕፍት ሰብስቦ ወደ አውሮፓ ላከ፤ ከነዚህም ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የደረሱ አሉ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ በአንድ ተራራ መንገድ ወረቀት ሲወጣ ብራና ይወርድ ነበር። የወጣው መጽሐፍ ከጓደኛው በምንም አይለይም፤ ሺሁም አንድ ቁመት፣ አንድ ወርድ። የአንባቢው ስም የሚገባበት ክፍት ቦታም በጸሎቱ መካከል የለውም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ አንባቢ ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ። ምኒልክ ከልቼና ከአንኮበር ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ ሲጽፉ ቆዩ፤ መንግሥት ወደ አዲስ አበባ ወረደ፤ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ይባዛ የነበረው አእምሮ ጋዜጣ ወደ ማተሚያ ገባ፤ በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ስም ጋዜጣው ወጣ።

ወረቀቱ ራሱ ግን በሌላ አገር ሌላ ለውጥ አድርጎ ነበር። ቀድሞ ወረቀት በወንፊት አንድ በአንድ ይሠራ ስለነበር ልኩ የሠራተኛው ሁለት ክንድ ተዘርግቶ መያዝ የሚችለው ወንፊት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1799 ኒኮላ ሉዊ ሮቤር የተባለ ፈረንሳዊ ማለቂያ የሌለው ወረቀት የሚያወጣ ማሽን አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ገጽ መሆኑ ቀርቶ ወንዝ ሆነ። የዛሬዎቹ ታላላቅ ማሽኖች ከ10 ሜትር የሚሰፋ ወረቀት ያወጣሉ። ይህን የሚያነብ ዓይን የለም፤ የሚያትም ማተሚያም የለም። መቆረጥ አለበት።

ሙያው ያለበት ፋብሪካ የሚቆርጠው እየፈታ ነው። ጥቅሉ ይተረተራል፤ ወረቀቱ በሩጫ ላይ ሳለ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚዞሩ ክብ ቢላዎች እንደ መቀስ ይሰነጥቁታል፤ በሌላው ጫፍ ጠበብ ጠበብ ብሎ እንደገና ይጠቀለላል። ጠርዙ እንደ መስተዋት ለስላሳ ይወጣል። ይህ መሣሪያ የሌለው ትንሽ ማተሚያ ቤት ለማሽኑ የማይገባ ሰፊ ጥቅል በርካሽ ሲያገኝ ነው የአናጺውን መጋዝ የሚያነሳው። ወረቀት ለብቻው ስስ ነው፤ ተጠቅልሎ ሲጠብቅ ግን ግንድ ነው። መሐል ለመሐል አንድ ሜትር የሚወፍር የጋዜጣ ወረቀት ጥቅል ወደ ስድስት ሺህ ዙር ይጠጋል፤ ቢዘረጋ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና አራት ጥቅል መንገዱን ያለብሰዋል። መጋዙ ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይሻገራል። ጥርሱ ጭረቱን አይቆርጠውም፣ ይቦጭቀዋል፤ በየዙሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይበላል፤ ስለቱ ሲግል ጠርዙን ያጠቁራል። የወጣው ብናኝ፣ ከጣልያን በተዋስነው ቃል ሰጋቱራው፣ ከጠርዙ ጋር ተጣብቆ ማተሚያው ውስጥ ይገባና ከቀለም ጋር ይቦካል። ፊደሉ ነቁጥ ነቁጥ ይላል። መጋዝ በክብር የሚሠራበት አንድ የወረቀት ሙያ ቢኖር የሶፍት ፋብሪካ ነው፤ ረጅሙ ጥቅል እንደ ሸንኮራ አገዳ እየተከረከመ እኛ የምናውቀው መጠን ይሆናል። በዚያ ያለው ክብ ስለት ግን ጥርስ የለውም፤ እየቆረጠም ይሳላል።

የሚቆረጥበትስ ልክ ከየት መጣ? በየቢሮው ያለው ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ጀርመኖች ያጸደቁት ልክ ሲሆን ብልሃቱም ለሁለት ሲታጠፍ የአባቱን መልክ መያዙ ነው። የሚያምር ስሌት ነው፤ አልክድም። ክንድ፣ ስንዝርና ጋት ግን በውስጡ የሉም። የዘመናችን ገጣሚ ስንኙን የሚሰብረው ሳያውቀው በዚያ ስሌት ወርድ ላይ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ባዶ ወረቀት መቆረጥ ነው፤ ይህ ብዙም አያሳዝነኝም። የሚያሳዝነኝ የተጻፈው ሲቆረጥ ነው። ቱሪስት መጽሐፉን ሙሉ ለመግዛት ይከብደዋል፤ ቅጠሉን ግን ይገዛል። ስለዚህ የብራና መጻሕፍት ቅጠል በቅጠል ተገንጥለው ሲሸጡ ኖረዋል። ክታብም የባሰው ደርሶበታል፤ መልአኩና ዓይኖቹ ያሉበት ክፍል ከጸሎቱ ተለይቶ፣ ስፌቱ ተፈትቶ ወይም በስለት ተመትቶ፣ በመስተዋት ክፈፍ ልክ ይሸጣል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ነገር ግን ቁራጭ ብራና በሻንጣ ልብስ መካከል ቦታ አይፈጅም። ከሸዋ ገዳማትና አድባራት ብዙ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም መነሳታቸው ትልቅ ውለታ ነው፤ ክታብ ግን በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የሚቀመጥ ንብረት ስላልሆነ፣ የሰው አንገትና የሰው አልጋ ራስጌ ቦታው ስለሆነ፣ ካሜራው ብዙም አላገኘውም።

በፓሪስ፣ በለንደን፣ በአዲስ አበባም በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያልተቆረጡ ክታቦች አሉ። ዣክ መርሲዬ የተባለው ፈረንሳዊ ስለ ሥዕሎቻቸው እ.ኤ.አ. በ1979 መጽሐፍ አውጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ ሥዕሉን የሚያደንቅ በዝቷል። እኔ ግን የየቤተ መጻሕፍቱን ዝርዝር ባገላበጥሁ ቁጥር ዓይኔ ከሥዕሉ መግለጫ በፊት ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ባለቤትና ርዝመት። ባለቤት፦ ወለተ እንትና። ርዝመት፦ ይህን ያህል ሳንቲ ሜትር። ሥዕል፣ መቃብር፣ የትውልድ መዝገብ ያልተረፈላት የገጠር ሴት፣ ቁመቷ ይኸው።