በቆሎ ስኳር የሆነበት ታሪክ

ሽሮፕ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን በልጅነታችን ሳል ሲይዘን በማንኪያ የምንጋተው መድኃኒት ነው። ዛሬ የምናወራለት ሽሮፕ ግን በማንኪያ የሚሰፈር አይደለም፤ በባቡር ፉርጎና በቦቴ እየተጫነ፣ ከለስላሳ መጠጥ እስከ ዳቦ፣ ከኬቻፕ እስከ እርጎ ገብቶ አሜሪካን ያጣፈጠ ነው። ሙሉ ስሙ «ሃይ ፍሩክቶስ ኮርን ሲረፕ» ይባላል። ለአፋችን እንዲቀለን «የበቆሎ ሽሮፕ» እያልን እንቀጥላለን። ከአሜሪካ የመጣ ኬቻፕ ወይም ብስኩት ገዝቶ ከጀርባው ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ስሙን ሳያየው አይቀርም።

ይህ ሽሮፕ ባለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ያልተከሰሰበት ወንጀል የለም። ሰው አወፈረ፣ ጉበት አበላሸ፣ ወንዝ በከለ፣ ባሕር ገደለ ተብሏል። ከክሶቹ መካከል እውነት ያላቸው አሉ፤ ተከሳሹን የሳቱም አሉ። የትኛው ከየትኛው እንደሚመደብ ለማወቅ ታሪኩን ከሥሩ መያዝ ይሻላል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የሁለት ሀገር ፈጠራ

ከበቆሎ ጣፋጭ ነገር ማውጣት በራሱ አዲስ አይደለም። የበቆሎ ስታርች ሲሰባበር ግሉኮስ እንደሚሆን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ችግሩ ግሉኮስ ከምናውቀው ስኳር ያነሰ የሚጣፍጥ መሆኑ ነው። በ1957 ሪቻርድ ማርሻልና ኧርል ኩይ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ግሉኮስን ወደ ፍሩክቶስ የሚለውጥ ኢንዛይም ማግኘታቸውን «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳወቁ። ፍሩክቶስ ማለት በማርና በፍራፍሬ ውስጥ የሚገኘው፣ ከግሉኮስ በእጅጉ የሚጣፍጠው የስኳር ዓይነት ነው።

የእነሱ ዘዴ ግን ለፋብሪካ የሚመች አልነበረም። ለፋብሪካ እንዲበቃ ያደረጉት በ1960ዎቹ አጋማሽ በጃፓን የመንግሥት የምርምር ተቋም ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ዮሺዩኪ ታካሳኪ ናቸው። በአዮዋ ግዛት፣ ክሊንተን በምትባል ከተማ የነበረው ክሊንተን ኮርን ፕሮሰሲንግ ኩባንያ ፈቃዱን ከጃፓን ወስዶ በ1967 ሽሮፑን ለገበያ ማቅረብ ጀመረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ኬሚስትሪ እንታገሥ፤ ኋላ ላይ ይጠቅመናል። የሸንኮራ አገዳም ሆነ የቀይ ሥር ዘር ከሆነው ሹገር ቢት የሚወጣው ስኳር ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው፤ ሁለቱ ተጣምረው ይኖሩና አንጀታችን ውስጥ ሲደርሱ ይለያያሉ። የበቆሎው ሽሮፕ ደግሞ ሁለቱን ቀድሞ የተለያዩ ሆነው ይዟቸዋል። ለዳቦና ለማጣፈጫ ሶስ የሚሆነው ዓይነት 42 በመቶ፣ ለለስላሳ መጠጥ የሚሆነው 55 በመቶ ፍሩክቶስ አለው። በሌላ አነጋገር «ሃይ» የተባለው ከተራው የበቆሎ ሽሮፕ ጋር ሲወዳደር እንጂ ከስኳር ጋር ሲወዳደር አይደለም። ከስኳር ጋር ሲተያይ ያን ያህል የሚራራቅ ነገር የለም።

ስኳር ሲወደድ

ታዲያ ያን ያህል ካልተለያዩ ሽሮፑ ስኳርን እንዴት ከገበያ ገፋው? መልሱ ዋጋ ነው።

አሜሪካ ከውጭ ለምታስገባው ስኳር ዋነኛ ምንጯ ኩባ ነበረች። በ1960 ከፊደል ካስትሮ መንግሥት ጋር ስትጣላ የኩባን ኮታ ሰረዘች። በ1974 ደግሞ የዓለም ስኳር ዋጋ ጣሪያ ነካ፤ በኖቬምበር ወር አንድ ፓውንድ ጥሬ ስኳር ከ60 ሳንቲም በላይ ተሸጠ። ስኳር በቶን የሚገዙ ፋብሪካዎች ደነገጡ፤ ያን ጊዜ በደንብ ማየት የጀመሩት የበቆሎውን ሽሮፕ ነው።

በቆሎው በበኩሉ ሞልቶ ነበር። ከ1971 እስከ 1976 የግብርና ሚኒስትር የነበሩት ኧርል በትዝ ገበሬው ማሳውን ከአጥር እስከ አጥር እንዲያርስ ይገፋፉ ነበር። በ1973 የወጣው የእርሻ ሕግ የድጎማውን አቅጣጫ ወደ ብዙ ማምረት አዞረው። የስኳር ዋጋ ተመልሶ ሲወርድ ደግሞ የሀገር ውስጥ የስኳር አምራቾች «አድኑን» አሉ፤ መንግሥትም በ1981 የዋጋ ድጋፍ አወጣላቸው፣ በ1982 ከውጭ በሚገባው ስኳር ላይ ኮታ ጣለ። ስኳርን ለመጠበቅ የታጠረው አጥር ግን ለተፎካካሪው መግቢያ በር ሆነለት። ስኳሩ በሕግ ተወድዶ ሲቀመጥ ሽሮፑ ከሥሩ ዝቅ ብሎ እየተሸጠ ደንበኛውን ሁሉ ወሰደ።

ሒሳቡን የከፈሉት ሩቅ ያሉ ሰዎች ጭምር ናቸው። በ1981 አሜሪካ ወደ 5 ሚሊዮን ቶን ገደማ ስኳር ከውጭ አስገብታ ነበር፤ በ1987 ኮታው ወደ 1 ሚሊዮን ቶን ገደማ ወረደ። ፊሊፒንስ ውስጥ ኔግሮስ በምትባለው የሸንኮራ ደሴት በ1980ዎቹ አጋማሽ የእርሻ ሠራተኞች ልጆች በረሃብ ተጎዱ። ለዚያ ረሃብ ምክንያቱ ብዙ ነበር፤ የዓለም ዋጋ መውደቅ አለ፣ የማርቆስ መንግሥት የስኳር ሞኖፖል አለ። የአሜሪካ ገበያ መጥበብም ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

ርካሽ የተባለው ሽሮፕም ቢሆን ከሐሜት አልዳነም። አምራቾቹ ተመሳጥረው ዋጋ ሰቅለዋል ተብለው በደንበኞቻቸው ተከስሰው፣ አርቸር ዳንኤልስ ሚድላንድ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ በ2004 ጉዳዩን በ400 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ዘግቶታል።

ጠርሙሱ ሲያድግ

ኮካ ኮላ በ1980 ከሚጠቀመው ስኳር እስከ ግማሹ ድረስ በበቆሎ ሽሮፕ እንዲተካ ፈቀደ። በኖቬምበር 1984 ኮካም ፔፕሲም ሙሉ በሙሉ እንዲተካ ፈቀዱ። በ1985 «ኒው ኮክ» የተባለው መጠጥ ወጥቶ ሕዝብ ሲያምፅና የድሮው ሲመለስ «ዋናው ዓላማ ስኳሩ በሽሮፕ ሲቀየር እንዳይታወቅ ማዘናጋት ነበር» የሚል ወሬ ተነዛ። ወሬው ይጣፍጣል፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን አይገጥምለትም። መቀያየሩ ኒው ኮክ ከመውጣቱ በፊት ተፈቅዶ ያለቀ ጉዳይ ነበር።

ከጣዕሙ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው የጠርሙሱን መጠን ነው። እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ የኮካ ጠርሙስ 6.5 አውንስ፣ ማለትም 192 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ይይዝ ነበር። በ1980 ሰቨን ኢለቨን የተባለው የሱቅ ድርጅት 32 አውንስ የሚይዝ ኩባያ አመጣ፤ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ማለት ነው። ለመጠጥ ሻጭ ውሃና ጣፋጭ ርካሽ ከሆኑለት ትልቅ ኩባያ ከትንሽ ኩባያ ብዙም አያስወጣውም፤ ለገዢው ግን «በትንሽ ጭማሪ እጥፍ» ይመስለዋል። ርካሹ ሽሮፕ ያመጣው ዋና ለውጥ ይሄ ነው እንላለን። የጣፋጩ ዓይነት ሲቀየር ምላስ ብዙም አላወቀም፤ መጠኑ ሲያድግ ግን ሰውነት አወቀ።

ክሱና ማስረጃው

በ2004 ጆርጅ ብሬይና ባሪ ፖፕኪን ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ያወጡት ጽሑፍ በአሜሪካ የሽሮፑ ፍጆታ ከ1970 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ከ1000 በመቶ በላይ ማደጉን አሳይቶ፣ በተለይ በመጠጥ ውስጥ ያለው ሽሮፕ ለውፍረት ወረርሽኝ ድርሻ ሊኖረው ይችላል አለ። ልብ በሉ፣ «ሊኖረው ይችላል» ነው ያሉት። ጋዜጣና ቴሌቪዥኑ ግን ጥርጣሬውን ፍርድ አድርጎ አናፈሰው።

በ2009 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት ደግሞ ለአሥር ሳምንት ሩብ ያህሉን ኃይል ከመጠጥ እንዲያገኙ ተደርገው ከተጠኑ ሰዎች መካከል፣ ፍሩክቶስ የጠጡት በሆድ ዕቃቸው ዙሪያ ስብ እንዳጠራቀሙና ኢንሱሊን በሰውነታቸው ላይ የሚሠራው ሥራ እንደደከመ አገኘ። ፍሩክቶስ በአብዛኛው የሚፈጨው ጉበት ውስጥ ነው፤ ሲበዛ ወደ ስብ ይለወጣል። ይህ ክስ ክብደት አለው። ነገር ግን ከላይ እንዳልነው የተለመደው ስኳርም ግማሹ ፍሩክቶስ ነው፤ ስለዚህ ከተከሳሽ ሳጥኑ ሁለቱም አብረው ይቆማሉ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርም በ2008 ሽሮፑ ካሎሪ ካላቸው ሌሎች ማጣፈጫዎች በተለየ እንደሚያወፍር የሚያሳይ በቂ ነገር የለም ብሏል።

አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። በአሜሪካ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ሽሮፕ በ1999 ከ60 ፓውንድ በላይ ደርሶ ከዚያ ወዲህ ቀንሷል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው አዋቂዎች ግን በ1999 እና 2000 ከነበረበት 30.5 በመቶ በ2017 እና 2018 ወደ 42.4 በመቶ አድጓል። ሽሮፑ ብቻውን ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ እሱ ሲቀንስ በሽታውም ረገብ ባለ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር፣ ከምንም ይምጣ ከምን፣ ከዕለት ኃይላችን ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዳያልፍ መክሯል። አምስት በመቶው 25 ግራም ገደማ ነው። አንድ 355 ሚሊ ሊትር የኮካ ቆርቆሮ 39 ግራም ይይዛል።

ከማሳው እስከ ባሕሩ

ጤናውን እዚህ ላይ እናቁመውና ወደ መሬቱ እንሂድ። በቆሎ ናይትሮጅን የሚወድ ሰብል ነው። በአዮዋና በአካባቢው ማሳ ላይ የሚበተነው ማዳበሪያ ሁሉ በሥሩ አይጠጣም፤ የተረፈው በዝናብ ታጥቦ፣ ከመሬት በታች በተቀበሩ የማጠንፈፊያ ቱቦዎች አልፎ ወንዝ ይገባል። የአዮዋ ዋና ከተማ ዴ ሞይን የመጠጥ ውሃዋን የምትቀዳው ከእነዚህ ወንዞች ነው። ናይትሬት የበዛበት ውሃ በተለይ ለጨቅላ ሕፃናት አደገኛ ስለሆነ፣ የከተማዋ ውሃ ድርጅት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ናይትሬት ማስወገጃ ተቋም ለመገንባት ተገደደ። በ2015 ድርጅቱ በላይኛው ተፋሰስ ያሉ የሦስት አውራጃዎች የውሃ ማጠንፈፊያ አስተዳደሮችን ከሰሰ፤ በ2017 ክሱ ውድቅ ሆነ። በ2025 በጋ ደግሞ የናይትሬቱ መጠን ከማጣሪያው አቅም ጋር ሲፎካከር የአካባቢው ነዋሪዎች ሣር እንዳያጠጡ ተከለከሉ።

ውሃው እዚያ አይቆምም። በሚሲሲፒ ወንዝ ወርዶ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። እዚያ አልጌውን ያፋፋዋል፤ አልጌው ሲሞት የሚበሰብስበት ሂደት ከባሕሩ ወለል አካባቢ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ዓሣው መሸሽ ከቻለ ይሸሻል፤ መሸሽ የማይችለው ይሞታል። በ2017 የተለካው ይህ «የሞተ ቀጠና» ከ22,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ አዲስ አበባን ከአርባ ጊዜ በላይ ያክላል።

ለፍትሕ ሲባል ይህም መነገር አለበት፦ ዛሬ ከአሜሪካ በቆሎ ሽሮፕ የሚሆነው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ከሲሶ በላዩ ለመኪና ነዳጅ ኤታኖል ይሆናል፤ ብዙው ደግሞ ለከብት፣ ለአሳማና ለዶሮ መኖ ይሄዳል። ስለዚህ ነገ ሽሮፑ ቢጠፋ ባሕረ ሰላጤው አይድንም። ሽሮፑ ከዚያ ትርፍ በቆሎ ከተወለዱት ልጆች አንዱ ነው፤ ወላጁ ግን ማሳው ላይ ነው ያለው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል

ስሙ ሲከፋባቸው የበቆሎ አጣሪዎች ማኅበር በ2010 ለአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አመለከተ፤ ሽሮፑ ከእንግዲህ «የበቆሎ ስኳር» ይባልልን አለ። እኛ ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን፤ እነሱ ግን በማመልከቻ ሊያወጡት ነበር። አስተዳደሩ በ2012 አይሆንም አለ፤ ስኳር ማለት ጠጣርና ክሪስታል የሆነ ነገር ነው፣ ይሄኛው ሽሮፕ ነው ብሎ። የስኳር አምራቾች ደግሞ በ2011 ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ክርክሩ በ2015 በስምምነት አለቀ። ሁለት ጣፋጭ ሻጮች «አንተ ትብስ አንተ» ሲባባሉ ተመልካቹ አንደኛው ንጹሕ ነው ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ከጥሉ ሁለቱም ያተረፉት ይህንኑ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ዛሬም አለ። በ2025 ኮካ ኮላ በአሜሪካ በአገዳ ስኳር የተሠራ ምርት እንደሚያወጣ ሲያስታውቅ ብዙዎች እንደ ጤና ድል አዩት። ግን የአገዳ ስኳርም ስኳር ነው። የአገዳ ማሳም ቢሆን ጻድቅ አይደለም፤ በፍሎሪዳ ኤቨርግሌድስ የተባለውን ረግረግ ከበከለው ፎስፈረስ ጥቂት የማይባለው ከአገዳ እርሻዎች የወረደ ነው።

የዚህ ሁሉ ታሪክ ትርፉ ለእኛ ምንድን ነው? ጣፋጩን የሚያረክሱት ሕግና ድጎማ ናቸው፤ የረከሰ ነገር ደግሞ መጠኑን ያሳድጋል፤ ያደገውን መጠን የሚከፍሉት ግን ጉበት፣ የከተማ ውሃ ማጣሪያና ስሙን የማናውቀው ዓሣ አጥማጅ ናቸው። እንግዲህ ከዕቃው ጀርባ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ስናነብ ዓይናችን «ሲረፕ» የሚለው ቃል ላይ ብቻ ባይቆም ጥሩ ነው። ከጎኑ በግራም የተጻፈች ቁጥር አለች። እሷን እናንብብ።