የኔትወርክ ካርዱን ማን ገደለው?

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2008 ሊኑክስ 2.6.27ን ገና በሙከራ ላይ እያለ የጫኑ ሰዎች ድንገት ኔትወርክ ጠፋባቸው። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ቢያበሩም፣ ወደ ድሮው ከርነል ቢመለሱም ያው ነው። ኢንቴል የሠራው ካርድ የራሱን መረጃ የሚይዝበት ፍላሽ ሚሞሪ ተበላሽቷል። ሶፍትዌር ሃርድዌር ገደለ! ይሄ በየቀኑ የሚሰማ ወሬ አይደለም።

ጣት ሁሉ በድራይቨሩ፣ በኢ1000ኢ ላይ ተቀሰረ። ማን ይፈርድባቸዋል? የሞተው የእሱ ካርድ ነው። ኢንቴልም ፍላሹ እንዳይጻፍበት የሚቆልፍ ማስተካከያ ላከ። የበሽታው ምንጭ ሳይታወቅ መቆለፉ ብልህነት ነበር፤ ብዙ ካርድ አትርፏል።

በኦክቶበር እውነተኛው ጥፋተኛ ተገኘ፤ ኤፍትሬስ። ይህ የስቲቨን ሮስቴት መሣሪያ በከርነሉ ውስጥ የትኛው ፈንክሽን መቼ እንደተጠራ ይከታተላል። ለዚህም የኮዶችን አድራሻ መዝግቦ ይይዝና ቆይቶ እዚያው ተመልሶ ኮዱን ይቀይራል። አንዳንዱ ኮድ ግን ሥራውን ጨርሶ ከሚሞሪ ወጥቷል፤ አድራሻውም ለካርዱ ፍላሽ ተሰጥቷል። ኤፍትሬስ ይህን አያውቅም።

ደግሞ ዝም ብሎ አይጽፍም ነበር። መጀመሪያ የድሮው ኮድ መኖሩን ያመሳክራል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የተጠቀመበት የፕሮሰሰር ትዕዛዝ ባይመሳሰልም እንኳ ያነበበውን መልሶ ይጽፋል። በተራ ሚሞሪ ላይ ይህ ምንም አይጎዳም፤ ፍላሽ ላይ ግን መጻፍ በራሱ ጥፋት ነው።

2.6.27 ኦክቶበር 9 ወጣ። ኮድ የሚቀይረው የኤፍትሬስ ክፍል የተዘጋው ከቀናት በኋላ፣ በ2.6.27.1 ነው።