«ስኪዞፍሬኒያ ነህ እንዴ?»

ፒያሳ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ካለ ካፌ ማኪያቶዬን ስጠጣ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ሐሳቡን የለወጠ ጓደኛውን «አንተ ስኪዞፍሬኒያ ነህ እንዴ? ጠዋት ሌላ፣ ማታ ሌላ!» አለው። ስኒዬን አስቀመጥኩ። ቃሉን በ1908 እ.ኤ.አ. ያመጣው የስዊሱ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ነው፤ ከግሪክኛ «መሰንጠቅ» እና «አእምሮ»። የላላው ግን ሐሳብን፣ ስሜትንና እውነታን ያያያዘው ገመድ ነው እንጂ ሕመሙ ያለበት ሰው ሁለት ሰው አልሆነም። ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል፣ «እያሳደዱኝ ነው» ይላል፣ ከሰው ይርቃል። የኛው «እብድ» የሚለው ቃልም ከመንገዱ ወጥቷል፤ በግእዝ «አብድ» ሰነፍ፣ ማስተዋል የጎደለው ነበር። ዛሬ ስድብ ነው፤ «አማኑኤል ውሰዱት!» እየተባለ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታሉ ስም ሳይቀር መሳለቂያ ሆኗል። ስሙን የፈራ ደግሞ ሕክምናውን ይሸሻል። ጃፓኖች በ2002 እ.ኤ.አ. «የአእምሮ መሰንጠቅ» የሚለውን ስም ትተው «የመቀናጀት መታወክ» ወደሚል ቀየሩት። እኛስ? «ቅንጅት» ብል የ1997ቱን ምርጫ ፓርቲ ታስታውሱብኛላችሁ፤ ስለዚህ «የሐሳብ ስምረት መታወክ» ብንለውስ? ሰውየውን ግን በሕመሙ አንጥራው። «ስኳር አለበት» እንደምንለው ሁሉ «ስኪዞፍሬኒያ አለበት» እንበል፤ እሱን ደግሞ እናቱ ባወጣችለት ስም እንጥራው።